በስድስት ወንበር የተገኘ ፖሊስና ትምህርት ቤት፦ ስለ ቱሪንጊያ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረችው ቱሪንጊያ፣ በመካከለኛው ጀርመን ስለምትገኘው ትንሽ ግዛት ነው። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። ቱሪንጊያ በርሊን ከላይ የጫነቻት ሰው ሠራሽ ግዛት ናት። ናዚዎችን ወደ ሥልጣን የጠራቸው ግራዎቹ በ1923 ያስነሡት ሁከት ነው። ናዚዎች ሚኒስትር የሾሙት ሕዝቡ በአብላጫ ድምፅ ስለመረጣቸው ነው። ያ ሚኒስትር ደግሞ በ14 ወር ውስጥ ስለተባረረ ዘመኑ ምንም ሳይለውጥ አልፏል። በመጨረሻም የጀርመን ዕጣ የተወሰነው በርሊን ላይ ስለሆነ ትናንሾቹ ግዛቶች ከቁም ነገር የሚገቡ አይደሉም።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል፤ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። የተሳሳተ ነገር አምሮ ሲጻፍ ቶሎ ሥር ይሰዳል። በተለይ ሦስተኛው ነጥብ ከተመዘገበው የምርጫ ውጤት ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ ዋናው ምላሼም እሱ ላይ ነው። ዘመናቱን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጸሐፊው ቱሪንጊያን “በርሊን በካርታ ላይ የሣለቻት” ይሏታል። እስከ 1918 ድረስ በዚያ ምድር ላይ ስምንት ባለ ዘውድ ግዛቶች ነበሩ፤ ሳክሰ-ቫይማር-አይዘናህ፣ ሳክሰ-ማይኒንገን፣ ሳክሰ-አልተንቡርግ፣ ሳክሰ-ኮቡርግና ጎታ፣ ሁለቱ ሽቫርትስቡርጎችና ሁለቱ ሮይሶች። መሬታቸው የተቆራረጠና እርስ በርሱ የተሰባጠረ ነበር፤ የአንዱ መስፍን መንደር በሌላው መስፍን ግዛት ተከብቦ ይገኛል። በኅዳር 1918 አብዮት መሣፍንቱ ሲወርዱ ከሁሉም ዘግይቶ ከዙፋኑ የለቀቀው የሽቫርትስቡርጉ ጉንተር ቪክቶር ነው። ከዚያ በኋላ የየግዛቶቹ ተወካዮች ራሳቸው ተደራድረው ውሕደቱን አዘጋጁ። ሁለቱ ሮይሶች በ1919 ቀድመው አንድ ሆኑ። የኮቡርግ ሕዝብ ግን ኖቬምበር 30 ቀን 1919 ድምፅ ሰጥቶ፣ ከመቶ 88 የሚሆነው “ቱሪንጊያን አንፈልግም” አለ፤ በ1920 ክረምትም ወደ ደቡብ ጀርመኗ ግዛት ወደ ባየርን ተቀላቀለ። ማንም አላስገደደውም። የቀሩት ሰባቱ ሜይ 1 ቀን 1920 አንድ ግዛት ሆኑ፤ ዋና ከተማዋም ቫይማር ሆነች።

ጸሐፊውን ያሳሳታቸው የውሕደቱ ሕግ በማዕከላዊው ምክር ቤት መጽደቁ ይመስለኛል። ማጽደቅ ግን መጫን አይደለም። እንዲያውም ለውሕደቱ እንቅፋት የሆነችው መቀመጫዋ በርሊን የሆነው ትልቋ የጀርመን ግዛት ፕሩሲያ ነበረች። የአካባቢው ትልቁ ከተማ ኤርፉርት በፕሩሲያ እጅ እንደቀረ ነው ቱሪንጊያ የተመሠረተችው። ለበርሊን ጥቅም የተሣለች ግዛት ብትሆን ትልቁን ከተማዋን አታጣም ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህች ምድር እንግዳ አይደለችም። ከተዋሐዱት አንዷ በሆነችው በጎታ፣ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት፣ በ1652 መስፍን ኤርንስት የጋበዙት አንድ የአገራችን ሊቅ ተቀምጦ ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ። ከኤርፉርቱ ተወላጅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ የተነጋገሩት፣ በኋላም ሉዶልፍ በ1698 ለታተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት ያደረገው ሮም ላይ ተጀምሮ እዚያ የቀጠለው ወዳጅነት ነው። ይህን የማነሣው የግዛቲቱ ታሪክ ጠባብና የመንደር ብቻ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ሁለተኛው ነጥብ የ1923 ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል። በዚያ ዓመት የገንዘቡ ዋጋ ተንኮታኩቶ፣ ኮሚኒስቶችም በእርግጥ አመፅ እያሰናዱ ነበር። በቱሪንጊያ የሶሻል ዴሞክራቱ አውጉስት ፍሮሊሽ መንግሥት ኦክቶበር 16 ኮሚኒስቶችን ወደ ካቢኔው አስገባ። ጽሑፉ የሚዘለው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ኮሚኒስቶቹ ሚኒስትሮች የገቡት በምክር ቤቱ ሥርዓት ነበር፤ ወሩ ሳይሞላም ወጥተዋል። በኖቬምበር መጀመሪያ የማዕከላዊው ጦር ቱሪንጊያ ገባ። በእነዚያው ቀናት፣ ኖቬምበር 8 እና 9፣ መሣሪያ አንግቦ መንግሥት ለመገልበጥ የወጣው ሂትለር ነበር፤ እሱም ሙኒክ ላይ፣ በባየርን። ወደ ባየርን ግን እንዲህ ያለ ጦር አልተላከም። ጦሩ ሕጋዊ ጥምር መንግሥት ወዳለበት ሄዶ፣ ለወራት ማዕከሉን ሲቃወም ወደ ቆየው ግዛት አልሄደም። ይህን ሳይናገሩ “ሥርዓት ተመለሰ” ማለት ለአንባቢ ግማሹን ብቻ መንገር ነው።

ደግሞም ሥርዓት ተመለሰ ከተባለ በኋላ የመጣውን እንይ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1924፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሳይነሣ፣ ምርጫ ተደረገ። የቀኝና የመሐል ፓርቲዎች በአንድ ዝርዝር ተሰባስበው ከ72 ወንበር 35 አገኙ። ለአብላጫ ሁለት ጎደላቸው። ናዚዎችና ሸሪኮቻቸው በጋራ የቀረቡበት ዝርዝር 7 ወንበር ይዞ ነበርና፣ የሪሻርድ ሎይትሆይሰር መንግሥት በእነሱ ድጋፍ ቆመ። ድጋፉም በነፃ አልተሰጠም። በሌላው ጀርመን የታገደው የናዚ ፓርቲ በቱሪንጊያ እገዳው ተነሣለት። አይሁዳዊው የግዛቲቱ ባንክ ፕሬዚዳንት ቫልተር ሎብ ከቦታው እንዲነሣ ተደረገ። በ1919 ቫይማር ላይ የተመሠረተው የባውሃውስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በጀቱ በግማሽ ተቆረጠና በ1925 ወደ ዴሳው ተሰደደ። ሂትለር በፕሩሲያና በባየርን በአደባባይ እንዳይናገር ተከልክሎ ሳለ በቱሪንጊያ መናገር ይችል ስለነበር፣ በጁላይ 1926 የፓርቲውን ጉባኤ ያካሄደው በቫይማር ብሔራዊ ቴአትር ነው። የጀርመን ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የጸደቀበት ያው አዳራሽ።

ይህን ሁሉ የፈቀዱት ኮሚኒስቶች አይደሉም፤ ሁለት ወንበር የጎደላቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጽሑፉ “በ1930 ናዚዎች ሥልጣን የያዙት የቱሪንጊያ ሕዝብ በአብላጫ ስለመረጣቸው ነው፤ ዴሞክራሲ ራሱን በራሱ ገደለ” ይላል። ምርጫው የተካሄደው ዲሴምበር 8 ቀን 1929 ነው። ናዚዎች ያገኙት ከመቶ 11.3 ድምፅ ነው፤ ከ53 ወንበር 6። ስድስት! አንደኛ የወጡት ሶሻል ዴሞክራቶች ሲሆኑ 18 ወንበር ነበራቸው። ላንድቡንድ የተባለው የገበሬዎች ፓርቲ 9፣ ኮሚኒስቶች 6፣ የነጋዴዎችና የቤት ባለቤቶች የኢኮኖሚ ፓርቲ 6፣ የኢንዱስትሪ ባለሀብቶች የሚደግፉት የጀርመን ሕዝብ ፓርቲ 5፣ የቀሩት ሦስት ወንበሮች ለሁለት ትናንሽ ፓርቲዎች።

መንግሥት ለመመሥረት 27 ወንበር ይበቃል። ሶሻል ዴሞክራቶች ከኢኮኖሚ ፓርቲውና ከሕዝብ ፓርቲው ጋር ቢጣመሩ 29 ይሆኑ ነበር። ከገበሬዎቹ ጋር ብቻ ቢጣመሩ እንኳ ልክ 27 ይመጣል። ስለዚህ በር ተዘግቶባቸው የገቡበት መንገድ አይደለም። በሩ ክፍት ነበር፤ የመሐልና የቀኝ ፓርቲዎቹ ግን ከሶሻል ዴሞክራት ጋር ከመቀመጥ ከናዚ ጋር መቀመጥን መረጡ። ያለ ናዚዎቹ ስድስት ድምፅ 22 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር 28።

ቀጥሎ የሆነው ሂትለር ያኔውኑ ምን ያህል እንዳሰበበት ያሳያል። እሱ ራሱ ቫይማር መጣ። የጠየቀው ሁለት ሚኒስቴር ነው፤ የአገር ውስጥ ጉዳይና የትምህርት። ገንዘብ አልጠየቀም፣ እርሻ አልጠየቀም። በአንዱ ፖሊስና የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ በሌላው ትምህርት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴአትርና ሙዚየም አለ። ለቦታውም ያቀረበው ቪልሄልም ፍሪክን ነው። ፍሪክ በሙኒክ ፖሊስ ውስጥ ሆኖ በ1923 መፈንቅለ መንግሥት ተባብሯል ተብሎ በ1924 ፍርድ ቤት 15 ወር እስራት በገደብ የፈረደበት ሰው ነው። የሕዝብ ፓርቲው መጀመሪያ ይህን ሰው አልፈልግም ብሎ ነበር። ሂትለር የግዛቲቱን ባለ ኢንዱስትሪዎች ሰብስቦ አነጋገራቸው፣ ለፓርቲውም የሦስት ቀን ቀነ ገደብ ሰጠ፣ ካልሆነ ድጋሚ ምርጫ ይደረጋል አለ። ባለሀብቶቹ ፓርቲያቸውን ገፉት፤ ፓርቲው እሺ አለ። ጃንዋሪ 23 ቀን 1930 በላንድቡንዱ በኤርቪን ባውም የሚመራው መንግሥት ተመሠረተ፣ ፍሪክም ሁለቱንም ሚኒስቴሮች ተረከበ። በጀርመን ግዛቶች ታሪክ የመጀመሪያው የናዚ ሚኒስትር ይህ ነው።

ከመቶ 89 የሚጠጋው መራጭ ሌላ ፓርቲ መርጦ ሳለ “ሕዝቡ በአብላጫ መረጣቸው” ብሎ መጻፍ በሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብን ባላደረገው መክሰስ ነው። ጸሐፊው ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ቢያርሙት ጽሑፋቸው ብዙ ይስተካከላል። ምናልባት የ1932ቱን ውጤት ከ1929ኙ ጋር ቀላቅለውት ይሆናል፤ በጁላይ 1932 ናዚዎች ከመቶ 42.5 አግኝተዋልና። ያም ቢሆን አብላጫ አይደለም፤ ከ61 ወንበር 26 ነው። ያን ጊዜም ናዚውን ፍሪትስ ዛውከልን የመንግሥት መሪ ያደረገው የላንድቡንዱ ድምፅ ነው።

ስለ ረሃብና ሥራ አጥነት ጽሑፉ በመሐል ያነሣው ትክክል ነው። የዞነበርግ አሻንጉሊት ሠሪዎችና የላውሻ ብርጭቆ ሠሪዎች እቤታቸው እየሠሩ ለውጭ ገበያ ያቀርቡ ስለነበር የዓለም ገበያ ሲወድቅ አብረው ወድቀዋል። ነገር ግን ፍሪክ ሲሾም የዎል ስትሪት ውድቀት ገና ሦስት ወሩ ነበር። ችግሩ የ1932ቱን ድምፅ ሊያስረዳ ይችላል፤ የ1930ውን ሹመት አያስረዳም።

አራተኛው ነጥብ “14 ወር ነው፣ ተባረረ፣ አለቀ” የሚለው ነው። በእነዚህ ወራት የተደረገውን በቅርብ ላሳይ። በማርች 1930 መጨረሻ ምክር ቤቱ ለመንግሥት በአዋጅ የመሥራት ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አጸደቀ። ፍሪክ በዚህ ተጠቅሞ አስተዳደሩን በራሱ ሰዎች ይተካ ጀመር። ኤፕሪል 5 ቀን ደግሞ አንድ ድንጋጌ አወጣ፤ ርዕሱ “በጥቁሮች ባህል ላይ፣ ለጀርመን ሕዝባዊነት” የሚል ነበር። ጃዝ የሚጫወትበት ቤት ፈቃዱን ሊነጠቅ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ የመንግሥት ወረቀት ነው። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የሚያነብ ሰው ድንጋጌው ስለማን ባህል እንደሚናገር ለአፍታ ያስበው። ሂትለር መራሔ መንግሥት ሊሆን ገና ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲቀር፣ በአንድ ትንሽ ግዛት ውስጥ የዘር ጥላቻ በማኅተም ወጣ።

በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤቶች አምስት ጸሎቶች ላከ። ልጆች ጠዋት እጃቸውን አጣጥፈው የሚደግሟቸው፣ አገሪቱን ክህደትና ከሃዲዎች እንደጣሏት የሚናገሩ፣ እግዚአብሔር ነፃ እንዲያወጣት የሚለምኑ ጸሎቶች ናቸው። ፍሪክም ዒላማቸው እነማን እንደሆኑ ሲገልጽ አይሁድን ከማንሣት አላመነታም። ጉዳዩ ለመንግሥታዊው ፍርድ ቤት ቀረበና በጁላይ 1930 ሦስቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ተብለው ተሻሩ። የማዕከላዊው መንግሥት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ካርል ዜቨሪንግም ናዚ ለሚያዘው ፖሊስ አልከፍልም ብሎ የቱሪንጊያን የፖሊስ ድጎማ ያዘ፤ ክርክሩ በዓመቱ መጨረሻ በስምምነት እስኪያበቃ ድረስ እየተያዘና እየተለቀቀ ሄደ።

በዬና ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑ ጉባኤ እየተቃወመ፣ የዘር “ሊቅ” የተባለው ሃንስ ጉንተር በሚኒስትሩ ትእዛዝ ፕሮፌሰር ሆነ። በኖቬምበር 1930 የመግቢያ ንግግሩን ሲያደርግ ሂትለርና ጎሪንግ ከታዳሚው መሐል ተቀምጠዋል። በቫይማር የቀድሞው የባውሃውስ ሕንፃ ለናዚዎች ቅርብ ለነበረው አርክቴክት ለፓውል ሹልትሰ-ናውምቡርግ ተሰጠ፤ ኦስካር ሽሌመር በግድግዳው ላይ የሠራቸው ሥዕሎች ጠፉ። ከቤተ መንግሥቱ ሙዚየም የዘመናዊዎቹ ሠዓሊዎች የክሌ፣ የካንዲንስኪ፣ የፋይኒንገርና የሌሎች፣ ወደ 70 የሚሆኑ ሥራዎች ተነሥተው ከሕዝብ ዓይን ተሰወሩ። በኋላ በመላው ጀርመን የተፈጸመው የሥነ ጥበብ ማጽዳት ሰባት ዓመት ቀድሞ የተሞከረው እዚህ ነው።

ፍሪክ የወደቀው ኤፕሪል 1 ቀን 1931 ነው። ናዚዎች የጥምረት አጋራቸውን የሕዝብ ፓርቲውን በጋዜጣቸውና በስብሰባቸው ያለማቋረጥ ሲያዋርዱት ቆይተው፣ በመጨረሻ ይኸው ፓርቲ ከሶሻል ዴሞክራቶችና ከኮሚኒስቶች ጋር ሆኖ መተማመን የለንም ብሎ ድምፅ ሰጠ። በአንድ ከሰዓት የተጠናቀቀ ነገር ነው። ይህ ለእኔ የሚያስቆጨው ክፍል ነው፤ ያ ድምፅ በጃንዋሪ 1930ም እጃቸው ላይ ነበርና። በእነዚያ ወራት መካከል፣ በሴፕቴምበር 1930፣ ናዚዎች በማዕከላዊው ምክር ቤት ከ12 ወንበር ወደ 107 ዘለው ነበር። ሚኒስትር ያለው ፓርቲ፣ በተከበሩ ሰዎች ጎን የተቀመጠ ፓርቲ ሆነው ነው ለዚያ ምርጫ የቀረቡት።

ወደ አምስተኛው ልለፍ። ትናንሽ ግዛቶች ከቁም ነገር አይገቡም ለሚለው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሂትለር ጀርመናዊ የሆነው የት ነው? በ1925 የኦስትሪያ ዜግነቱን ስለተወ አገር አልባ ነበር። በጀርመን ሕግ ዜግነት የሚገኘው በግዛት በኩል ነበር፤ አንድ ግዛት የውጭ ሰውን የመንግሥት ሠራተኛ አድርጎ ከሾመው ዜጋ ይሆናል። ፍሪክ በ1930 ክረምት ሂትለርን ሂልድቡርግሃውዘን በተባለች የቱሪንጊያ ከተማ የፖሊስ ሹም አድርጎ በድብቅ ሊሾመው ሞክሮ ሳይሳካ ቀርቷል። የተሳካው ከሌላዋ ትንሽ ግዛት ከብራውንሽቫይግ ነው። እዚያም ናዚ ሚኒስትር፣ ዲትሪሽ ክላገስ፣ በቀኝ ፓርቲዎች ጥምረት ገብቶ ነበር። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1932 ሂትለር በበርሊን በሚገኘው የብራውንሽቫይግ ተወካይ ጽሕፈት ቤት የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሥልጣን ላይ ከነበረው ፕሬዚዳንት ከሂንደንቡርግ ጋር ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ያለዚያች ግዛት ሹመት ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አይሰፍርም ነበር።

አንሃልት በሜይ 1932 በናዚ የሚመራ መንግሥት አገኘች፤ ከቫይማር ተሰድዶ ዴሳው የገባው ባውሃውስ በዚያው ዓመት እንደገና ተባረረ። ኦልደንቡርግ በዚያው ወር ለናዚዎች ከ46 ወንበር 24 ሰጠች። ሊፐ ደግሞ አለች። ጃንዋሪ 15 ቀን 1933 ከመቶ ሺህ ያልበለጠ ሰው ድምፅ በሰጠባት በዚያች ግዛት፣ ፓርቲው ገንዘቡንና ተናጋሪዎቹን ሁሉ አፍስሶ ከመቶ 39.5 አገኘ። ካለፈው ጁላይ ያነሰ ውጤት ነው። ጋዜጦቹ ግን እንደ አገር አቀፍ ድል አስተጋቡት፤ በበርሊን የሚደራደሩትም ሰዎች እንደዚያው ቆጠሩት። በ15 ቀኑ ሂትለር መራሔ መንግሥት ሆነ።

በርሊን ላይ መወሰኑን አልክድም። የበርሊኑ ውሳኔ ግን የቫይማሩን ይመስላል። የቀድሞው መራሔ መንግሥት ፍራንስ ፎን ፓፐንና ጓደኞቹ በጃንዋሪ 1933 ሂትለርን ስንከበው እንቆጣጠረዋለን ያሉት፣ ልክ ከሦስት ዓመት በፊት የሕዝብ ፓርቲውና የላንድቡንዱ ሰዎች ስለ ፍሪክ እንዳሰቡት ነው። ለናዚዎች ከተሰጡት ጥቂት የሚኒስትር ቦታዎች አንዱም የአገር ውስጥ ጉዳይ ነበር፤ የተሾመውም ፍሪክ። ማርች 3 ቀን 1933፣ ከቫይማር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በኖራ፣ ከጀርመን ማጎሪያ ካምፖች የመጀመሪያው ተከፈተ። የከፈተው የቱሪንጊያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው።

ግዛቶቹ እንደተባለው ከንቱ ቢሆኑ ኖሮ ናዚዎች እነሱን ለማፍረስ አይቸኩሉም ነበር። ጃንዋሪ 30 ቀን 1934፣ ሂትለር በተሾመ በዓመቱ፣ የግዛቶቹ ምክር ቤቶች በሕግ ተሰረዙ፣ ሥልጣናቸውም ወደ ማዕከል ተጠቃለለ። በሕጉ ሥር ከሂንደንቡርግና ከሂትለር ጋር የሰፈረው ፊርማ የቪልሄልም ፍሪክ ነው።